ስለ ትልቁና ስለ ትንሹ ካሜራ፤ ለየሥራው የሚገባውን መሣሪያ ስለ መምረጥ

ብልህ የሆነ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆና ቀለሙን በጥብጦ ለመጻፍ ከመቀመጡ አስቀድሞ ብርዑን ይመርጣል። ለታላቅ ወንጌል የሚቀረጸው ብርዕ አፉ ሰፊ ነው፤ በማኅደር ገብቶ በትከሻ ለሚንጠለጠል ትንሽ ዳዊት የሚቀረጸው ግን አፉ ቀጭን ነው። ሁለቱም ከአንድ ሸምበቆ የተቈረጡ ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ቀንድ ቀለም ይጠቅሳሉ። ቀጭኑን በሰፊው ስፍራ፥ ሰፊውንም በቀጭኑ ስፍራ ያገባ ጸሐፊ ብራናው ቢበላሽበት የሚወቀሰው እርሱ ነው እንጂ ብርዑ አይደለም። ዛሬ ስለ ፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ፥ ይኸውም ስለ ካሜራ፥ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ስንነሣ ይህን የጸሐፊ ልማድ በመቅድሙ ያኖርነው በከንቱ አይደለም።

በአሁኑ ዘመን ካሜራ የማይገባበት የሥራ ክፍል የለም ለማለት ያስደፍራል። መንገድ ሲሠራ የተሠራውና ያልተሠራው የሚታይበት፥ የመንግሥት ዕቃ ሲቈጠር ለማስረጃ የሚያያዘው፥ እንግዳ ሲመጣ ለታሪክ የሚቀመጠው፥ በየገዳሙ ያለው የብራና መጽሐፍ ሲመዘገብ ከመዝገቡ ጋር የሚኖረው ሁሉ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ካሜራ ለመግዛት በሚነሡ ሰዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲሠራ እናያለን። አንደኛው ወገን «ካሜራ ሁሉ ካሜራ ነው» ብሎ ከሁሉ የረከሰውን ይገዛና ሥራው ሲበላሽበት ይጸጸታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዋጋው የከበደ ሁሉ ሥራው ያማረ ነው» ብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣና፥ የሚሠራበትን ሰው ሳያዘጋጅ ቀርቶ መሣሪያውን በቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ያለብሰዋል። የፊተኛው ንፉግ፥ የኋለኛው አባካኝ ቢመስልም የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ሳያውቁ መሣሪያውን መግዛት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ዓመታቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያን ጊዜ የተገለጸውን ስልት ያወጣው ሰው ሉዊ ዳጌር ይባላል። ጥበቡ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም፤ በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በመጣ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ከዚያም በኋላ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ከእርሱ ቀጥለው በዚሁ ሥራ አገለገሉ። በዚያን ጊዜ ካሜራ ከባድ ሣጥን ነበረ፤ ሥራውም የጥቂት ባለሙያዎች ነበረ። በ1900 ዓ.ም. ግን የአሜሪካው የኮዳክ ኩባንያ ብራውኒ የሚባል በአንድ ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ካሜራ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የባለሙያው ካሜራና የማንኛውም ሰው ካሜራ ሁለት መንገድ ይዘው ሲጓዙ ኖረዋል። በ1975 ዓ.ም. በዚያው ኩባንያ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን የተባለ መሐንዲስ ያለ ፊልም ሥዕል የሚይዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ ክብደቱም 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበረ፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበረ። ዛሬ በእጃችን የምንይዛቸው ትልቁም ትንሹም ካሜራዎች የዚያ ልጆች ናቸው።

አሁን ባለሙያዎች የሚይዙት ካሜራ «ሚረርለስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም መስተዋት የሌለው ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ከእርሱ አስቀድሞ ከነበረው የባለሙያ ካሜራ ለመለየት ነው። በቀድሞው ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ አንድ መስተዋት በሰያፍ ይቆማል፤ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ መልሶ ለአንሺው ዐይን ያሳያል። አንሺው ቍልፉን ሲጫን መስተዋቱ ቀጭ ብሎ ይነሣና ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል። በአዲሱ ካሜራ ይህ መስተዋት ስለ ቀረ ብርሃኑ በቀጥታ ብርሃን ተቀባይ ወደ ሆነው ገበታ፥ ማለት ወደ ሴንሰሩ ይደርሳል፤ አንሺውም የሚያየው ሴንሰሩ የተቀበለውን ሥዕል በትንሽ የኤሌክትሪክ መስኮት ነው። ሌንሱ የሚለዋወጥ የዚህ ዓይነት ካሜራ በ2008 ዓ.ም. በፓናሶኒክ ኩባንያ ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሶኒ ኩባንያ የሴንሰሩ ስፋት ከቀድሞው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጋር የተካከለውን አልፋ 7ን አወጣ።

አንባቢ ግን በዚህ ስፍራ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ትንሹ የኪስ ካሜራም መስተዋት የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያያቸው የመስተዋት መኖርና አለመኖር ካልሆነ፥ ልዩነቱን በስማቸው ሳይሆን በሌላ ነገር መፈለግ አለብን።

ለማነጻጸር እንዲመች ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ካሜራዎችን እንውሰድ፤ ይህንም የምናደርገው ፋብሪካውን ለማወደስ ሳይሆን በሁለት ፋብሪካዎች መካከል ያለው ልዩነት ነገሩን እንዳያደናግረው ነው። ትልቁ በ2021 ዓ.ም. የወጣው የሶኒ አልፋ 7 አራተኛ ነው። ክብደቱ ከነባትሪው 658 ግራም ነው፤ ሲወጣም ዋጋው ያለ ሌንስ በአሜሪካ 2,500 ዶላር ያህል ነበረ። ትንሹ በ2014 ዓ.ም. የወጣው የሶኒ ደብልዩ 800 ነው። ክብደቱ 125 ግራም ገደማ ነው፤ ሲወጣም ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነበረ። እንግዲህ በአንዱ ትልቅ ካሜራ ዋጋ ሃያ አምስት ትንንሽ ካሜራ ይገዛ ነበረ ማለት ነው፤ ያውም የትልቁን ሌንስ ሳንቈጥር ነው፤ መልካም ሌንስ ደግሞ ብቻውን የካሜራውን ያህል ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

ገዢው በመደብር ቆሞ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ሲያነብ ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን እንደሚወጣ አይታየውም። ትልቁ ካሜራ ሥዕሉን በ33 ሚሊዮን ነጥቦች ይሥላል፤ ትንሹም በ20 ሚሊዮን ነጥቦች ይሥላል። ነጥቦቹ ፒክስል የሚባሉት ናቸው። በመስመር ስንለካው ትልቁ በሥዕሉ ረዥም ጐን 7,008 ነጥቦች፥ ትንሹ 5,152 ነጥቦች አሉት፤ ይህ ልዩነት ከአንድ እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሻጩ «ነጥቡ ብዙ ነው» ብሎ ትንሹን ቢያወድስ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ሳይናገር ቀርቷል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ካሜራ ብርሃንን ይቀበላል እንጂ አይፈጥርም። የትልቁ ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር፥ ቁመቱ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የትንሹ ሴንሰር ግን ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር፥ ቁመቱ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው። ስፋታቸው ሲሰላ ትልቁ ከትንሹ 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በእያንዳንዱ ነጥብ ድርሻም ስናየው የትልቁ አንድ ነጥብ ከትንሹ አንድ ነጥብ ይልቅ 18 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ስፍራ አለው።

ይህን በምሳሌ እንግለጸው። ዝናም በሚዘንብበት ጊዜ አንድ ገበቴና አንድ ሲኒ በደጅ ጐን ለጐን ቢቀመጡ፥ የዘነበባቸው ዝናም አንድ ነው፤ የተጠራቀመላቸው ውኃ ግን አንድ አይደለም። ዝናሙ የክረምት ዶፍ በሆነ ጊዜ ሲኒውም ፈጥኖ ስለሚሞላ «ከገበቴው ምን ያንሳል?» ያሰኛል። ካፊያ በሆነ ጊዜ ግን በገበቴው ለመታጠብ የሚበቃ ውኃ ሲገኝ በሲኒው የሚገኘው ከንፈር ለማርጠብ አይበቃም። እንዲሁም በቀትር ፀሓይ ትንሹ ካሜራ ከትልቁ ጋር ሊፎካከር ይደርሳል። በቤተ መቅደስ ውስጥ፥ በዕቃ ቤት ጨለማ፥ በማታ ስብሰባ አዳራሽ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል።

ብርሃኑ ባነሰ ጊዜ ካሜራው ያገኘውን ጥቂት ብርሃን በኤሌክትሪክ ኀይል ያጐላዋል። ደካማ ድምፅ ያለው ሰባኪ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ቃሉ ብቻ ሳይሆን ሳሉና የወረቀቱ መንኳኳት ጭምር እንደሚጐላ፥ እንዲሁ ከሥዕሉ ጋር ጕድለቱም አብሮ ይጐላል፤ በሥዕሉም ላይ እንደ አሸዋ የተበተነ ሽፍታ ይታያል። ትንሹ ካሜራ ይህን ሽፍታ ለመሸፈን ሥዕሉን በራሱ ያለሰልሰዋል። ሲያለሰልስ ግን ሽፍታውንና ቀጭኑን ጭረት ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም አብሮ ይጠርጋል። ይህ በሰው ፊት ላይ ሲሆን ቆዳውን ያሳመረ ይመስላል፤ በጽሑፍ ላይ ሲሆን ግን ትልቅ ጥፋት ነው። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ያቺ ጭረት ከጠፋች ንባቡ ይለወጣል፤ ንባቡ ሲለወጥም ትርጓሜው እንደሚለወጥ ለሊቃውንቱ መንገር አያስፈልግም።

ከሴንሰሩ ቀጥሎ የሚታየው ሌንሱ ነው። የትንሹ ካሜራ ሌንስ ከአካሉ ጋር የተሠራ ስለ ሆነ አይለወጥም። ሩቁን ለማቅረብ አምስት እጥፍ ያህል ይዘረጋል፤ ይህም ለመንገደኛ ትልቅ ምቾት ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በተዘረጋ ጊዜ የብርሃን መግቢያው ስለሚጠብብ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ብርሃን ሳይዘረጋ ከሚያስገባው አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። የትልቁ ካሜራ ሌንስ ግን እንደ ሥራው ይለወጣል። ለሰፊ አዳራሽ አንድ ሌንስ፥ ለሰው ፊት ሌላ ሌንስ፥ ለጥቃቅን ፊደልና ለማኅተም ደግሞ «ማክሮ» የሚባል ቅርቡን አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ሌንስ አለ። የጸሐፊው ብርዕ ምሳሌ የሚገባው በዚህ ስፍራ ነው፤ ትልቁ ካሜራ አንድ ብርዕ ሳይሆን ብዙ ብርዕ የሚገባበት አንድ እጀታ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ሥዕሉ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። ትንሹ ካሜራ ሥዕሉን ራሱ ካሰናዳ በኋላ የማያስፈልግ የመሰለውን ጥሎ አጭቆ ያስቀምጣል፤ የተጣለው ዳግመኛ አይገኝም። ትልቁ ግን አንሺው ከፈለገ ሴንሰሩ የተቀበለውን ሁሉ ሳይነካ በጥሬው ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የጨለመውን ማብራት፥ የቀላውን ማስተካከል በኋላ ይቻላል። በዚህ ላይ ትልቁ ካሜራ የሁለት ካርድ ስፍራ ስላለው እያንዳንዱን ሥዕል በአንድ ጊዜ በሁለቱም ላይ መመዝገብ ይችላል። እንዲሁም ያለ ምንም ድምፅ ሊያነሣ ስለሚችል በቅዳሴ ጊዜ ወይም በችሎት ጸጥታ አያውክም።

እስከዚህ የተናገርነውን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ ሁላችንም ትልቁን እንግዛ» ቢል ቸኵሏል። የትንሹንም ምስጋና መናገር ፍርድ ነው። በጋዜጣ ገጽ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ለሚታተም ፎቶግራፍ በወርዱ 800 ነጥቦች ያህል ይበቃሉ፤ ትንሹ ካሜራ ከ5,000 በላይ አለው። ስለዚህ በቀን ብርሃን የተነሣ የድልድይ፥ የትምህርት ቤት፥ የችግኝ ተከላ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ታትሞ ሲወጣ በየትኛው ካሜራ እንደ ተነሣ ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ አይገኝም። የወረዳ ሠራተኛ የፈረሰውን አጥር ወይም የተሠራውን የውኃ ጕድጓድ አንሥቶ ከደብዳቤው ጋር ቢያያይዝ፥ ከእርሱ የሚፈለገው ነገሩ መኖሩንና መልኩን ማስረዳት ነው፤ ለዚህም ትንሹ ይበቃዋል። በኪስ ይገባል፤ ትምህርት አይጠይቅም፤ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ጕዳቱ ቀላል ነው። ከሁሉም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት በእጅ ይገኛል። በቢሮ ተቈልፎበት የቀረ ትልቅ ካሜራ በስፍራው ከተገኘ ትንሽ ካሜራ ያንሳል።

ትልቁ ካሜራ ደግሞ የራሱ ሸክም አለው። አንደኛ፥ ሴንሰሩ ሰፊ በመሆኑ ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት ክልል ጠባብ ነው፤ የማያውቅ ሰው የብርሃን መግቢያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ቢያነሣ የሰውዬው ዐይን ጠርቶ ጆሮው ይደበዝዛል፤ የብራናው መካከል ጠርቶ የተቈለመመው ጠርዙ ይጠፋል። በትንሹ ካሜራ ግን ቅርቡም ሩቁም በአንድነት ይጠራል። ሁለተኛ፥ በጥሬው የተቀመጠ ሥዕል ካልተጨመቀ እያንዳንዱ 70 ሜጋ ባይት ያህል ስለሚሆን፥ 300 ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ 21,000 ሜጋ ባይት ያህል ማስቀመጫ ይፈልጋል፤ የሚያሰናዳበትም ኮምፒዩተር ያሻዋል። ሦስተኛ፥ ሴንሰሩና የማያ መስኮቱ ሁልጊዜ ስለሚሠሩ ባትሪ ይበላል፤ የመብራት ኀይል ወደ ሌለበት ገዳም የሚሄድ ሰው ትርፍ ባትሪ ካልያዘ ከመንገድ ይቀራል። ግንብ ሊሠራ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ተቀምጦ እንዲያሰላ ወንጌል ያስተማረው ትምህርት ለካሜራ ገዢም የተነገረ ይመስላል፤ የካሜራው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለምና።

ይህን ሁሉ የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ገጠር ደብር ተገኝቶ ነበረ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አረጋዊ መሪጌታ ከብዙ ልመና በኋላ አንድ የቈየ ገድል አወጡለት፤ በመጽሐፉም መጨረሻ፥ በኅዳጉ ላይ፥ ለደብሩ ስለ ተሰጠ መሬት በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ ነበረበት። ጸሐፊው ከኪሱ ትንሽ ካሜራ አውጥቶ በዕቃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ በእጁ እንደ ያዘ አነሣው፤ በካሜራው ትንሽ መስኮት ሲያየውም መልካም መሰለው፤ አመስግኖም ሄደ። ከቤቱ ገብቶ ሥዕሉን አጉልቶ ቢመለከተው ግን ጥቁሩ ቀለም በመጠኑ ሲነበብ፥ በቀይ የተጻፈው የሰጪው ስምና የመሬቱ ወሰን ተበላሽቶ እንደ ደም ጠብታ ሆኖ አገኘው።

ሁለት ቀን ተጕዞ ተመለሰ። መሪጌታም ነገሩን ሰምተው «ልጄ፥ ያን ጊዜ ያነሣኸው ምን ሆነ?» አሉት። ይህ ጥያቄ ከተግሣጽ ይልቅ ከበደው፤ መጽሐፉ በተገለጠ ቍጥር ብራናው እንደሚጐዳ መሪጌታም እርሱም ያውቃሉና። መሪጌታ ግን ዐዝነው መጽሐፉን ዳግመኛ አወጡለት። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው መጽሐፉን ከደጃፉ አጠገብ፥ ፀሓይ በቀጥታ በማይመታው ነገር ግን ብርሃን በሞላበት ስፍራ አስቀመጠ። ያንኑ ትንሽ ካሜራ በሁለት ዱካዎች ላይ አደላድሎ አቆመው፤ ሌንሱን ሳይዘረጋ፥ ፍላሹን አጥፍቶ፥ የጣቱ መጫን እንዳያናውጠው ቍልፉን ከተጫነ በኋላ ሁለት ሰከንድ ቈይቶ እንዲያነሣ አደረገው። ስሙም ወሰኑም ተነበበ። ካሜራው ያው ነበረ፤ የተለወጠው ብርሃኑና የአንሺው ጥንቃቄ ነበረ።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ብዙ ጊዜ በካሜራው የምናሳብበው ጥፋት የእኛው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የሚከብድ ነው። ያ ጸሐፊ ዳግመኛ ለማንሣት የቻለው መጽሐፉ በስፍራው ስለ ነበረ፥ ጠባቂውም በሕይወት ስለ ነበሩና ስለ ዐዘኑለት ነው። መጽሐፉ ተሰርቆ ወይም ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የቀረችው ያች የተበላሸች ሥዕል ብቻ ነበረች። እንግዲህ የሥራ ልዩነት የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ነገ ተመልሰን ልናነሣው የምንችለው ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገርም አለ። ለፊተኛው ትንሹ ካሜራ ይበቃል፤ ለኋለኛው ግን የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ይገባል።

ይህን የተረዱ ሰዎች በአገራችን አስቀድመው ሠርተዋል። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ በአሜሪካ ካሉ የትምህርት ቤቶች ጋር ተባብሮ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ አድርጎ ነበረ። በዚህም ሥራ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ግልባጩም በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ከተማ ይገኛል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም የመጻሕፍቱን ዝርዝር በማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደክመዋል። ያን ጊዜ የነበረው ፊልም በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ በግልጥ አይለይም ነበረ፤ ቢሆንም ሥራው በሥርዓት፥ በተደላደለ ማንሻና በተስተካከለ ብርሃን የተሠራ ስለ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያነቡታል። ዛሬ ትልቁ ካሜራ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ያህል ነው። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገጽ ቢነሣበት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 17 ነጥቦች ይደርሱታል፤ ቀዩን ከጥቁሩ፥ የተፋቀውን ከተጻፈው ለመለየት ተስፋ ያለው በዚህ ነው።

ስለ ስልክም አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። ዛሬ የትንሹን ካሜራ ስፍራ በብዙ ቦታ የወሰደው በእጅ የሚያዘው ስልክ ነው። የጃፓን ካሜራ ሠሪዎች ማኅበር በ2010 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ የተላኩት ዲጂታል ካሜራዎች ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ መዝግቧል፤ በ2023 ዓ.ም. ግን ከ8 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ስልክ ያለው ሰው ለዕለት ሥራው ሌላ ትንሽ ካሜራ ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ስልክም ሴንሰሩ ትንሽ ነው፤ የጐደለውን ብርሃን ብዙ ሥዕሎችን በአንድነት በማዋሐድና በሒሳብ በማስተካከል ይሞላዋል። ስለዚህ ስለ ገበቴውና ስለ ሲኒው የተናገርነው ለእርሱም ይሠራል፤ ብልህ ሲኒ ቢሆንም ሲኒነቱ አይቀርም።

እንግዲህ ካሜራ ለመግዛት ወረቀት የሚፈርም ሹም፥ ወይም ለደብሩ ንዋየ ቅድሳት መዝገብ ካሜራ የሚፈልግ አለቃ፥ ከመግዛቱ በፊት ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። የሚነሣው ነገር ምንድር ነው? ብርሃን ባለበት ነው ወይስ በጨለማ? ሥዕሉ የሚታየው በጋዜጣና በደብዳቤ ነው፥ ወይስ ፊደሉ ተለቅሞ ይነበባል? ቢበላሽ ዳግመኛ ማንሣት ይቻላል ወይስ አይቻልም? የሚያነሣውስ ሰው ማን ነው፥ ሥራውንስ ተምሯልን? ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የተገዛ ካሜራ ውድም ቢሆን ርካሽ ገንዘብ ማባከን ነው። በእኛ አሳብ ለየዕለቱ ሥራ ትንንሾቹ ወይም ስልኮቹ ይበቃሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ሀገረ ስብከት ግን ለማይደገመው ሥራ አንድ ትልቅ ካሜራ ከነማቆሚያውና ከተገቢው ሌንስ ጋር ቢኖረው፥ ከካሜራውም በፊት ሁለት ሰዎች አስተምሮ ቢያዘጋጅ፥ በየክፍሉ አንዳንድ ውድ ካሜራ ገዝቶ ከማስቀመጥ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሥዕሉ ከተነሣ በኋላም ሥራው አላለቀም። ካርድ ይጠፋል፥ ኮምፒዩተር ይበላሻል፥ ቤት ይቃጠላል። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» እንደ ተባለ፥ በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ሥዕል እንዳልተነሣ ይቈጠር። ቢያንስ በሁለት ማስቀመጫ፥ በሁለት ልዩ ልዩ ቤት ይቀመጥ፤ የተነሣው ነገር ስም፥ ቦታና ቀንም አብሮ ይጻፍ። የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ሥዕል ራስጌው እንደ ተቀደደ መጽሐፍ ነው።

የቀደሙት ጸሐፍት በጭላንጭል መብራት፥ በሸምበቆ ብርዕ ጽፈው ያቈዩልንን ዛሬ እናነባለን። ለእኛ የተሰጠን መሣሪያ ከእነርሱ ይበልጣል፤ የተጠየቅነው ግን ያንኑ ነው፤ ከመጻፋችን በፊት ብርዑን መምረጥ፥ ስንጽፍም ፊደሉን ማጥራት። መሪጌታ «ያን ጊዜ ያነሣኸው ምን ሆነ?» ብለው የጠየቁትን ጥያቄ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ለሁላችንም ይጠይቀናል፤ መልስ እንዲኖረን ከዛሬ ጀምሮ እንሰናዳ።